ሃዋይ ስትሄዱ የትኛው ሉአው ይሻላችኋል? አሳማ ለማይበላውም ጭምር

ሃዋይ ለመሄድ ትኬት የቆረጠ ሰው ትንሽ ቆይቶ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ሉአው እንሂድ ወይስ ይቅርብን? ሉአው የሃዋይ ድግስ ነው። አሳማው ጉድጓድ ውስጥ ይበስላል፣ ሁላ ይጨፈራል፣ ሙዚቃው ይቀጥላል፣ ብዙ ጊዜም ባሕር ዳር ሆኖ ፀሐይ ስትጠልቅ ይበላል። ደስ ይላል። ዋጋው ግን ቀልድ አይደለም። ቱሪስት የሚሄድባቸው ሉአዎች ለአንድ አዋቂ ብዙ ጊዜ ከ120 እስከ 250 ዶላር ያስከፍላሉ። እናትና አባት፣ ሁለት ልጆች፣ ታክስ፣ ቲፕ፣ ፓርኪንግ ስትደምሩት ለአንድ ምሽት እራት የሚወጣ ብር አይመስልም።

ስለዚህ መምረጥ የግድ ነው። ሆቴል ሎቢ ላይ በተደረደሩት ብሮሹሮች ግን መምረጥ አይቻልም፤ ፎቶው ሁሉም ላይ አንድ ነው። እሳት የሚያሽከረክር ጎረምሳ፣ አበባ ያጠለቀች ሴት፣ ከኋላ ብርቱካናማ ሰማይ። በቃ።

የኔ ምክር ይሄ ነው። ዋጋ ከማየታችሁ በፊት ለምን እንደምትሄዱ ተነጋገሩ። ለምግቡ ነው? ለጭፈራው? ልጆቹን ለማስደሰት? ሦስቱንም እኩል አሳምሮ የሚያቀርብ ሉአው እኔ አላውቅም። በተለይ ምግብ ፍለጋ ከሆነ የምትሄዱት ሉአውን ትታችሁ ሌላ ቦታ ብትበሉ ይሻላችኋል፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እኛ ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለብን። የድግሱ ዋና ምግብ አሳማ ነው። ኦርቶዶክሱ አይበላም፣ ሙስሊሙ አይበላም፣ ቤተ እስራኤሉ አይበላም። ፕሮቴስታንት ሆነው "ይፈቀዳል" የሚሉት ወዳጆቼም ብዙዎቹ ሳህናቸው ላይ ሲመጣ ፊታቸው ይቀየራል። ታዲያ 200 ዶላር ከፍሎ አሳማ ከጉድጓድ ሲወጣ ፎቶ አንስቶ ሩዝ በልቶ መመለስ ያዋጣል ወይ? አንዳንዴ አዎ። ግን አውቆ መግባት ነው።

ሳህኑ ላይ ምን አለ?

አሳማው የሚበስልበት ጉድጓድ ኢሙ ይባላል። መሬት ይቆፈራል፣ እንጨት ይነዳል፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እስኪግል ይጠበቃል። ከዚያ የሙዝ ግንድና ቅጠል ይነጠፋል፣ አሳማው ይገባል፣ ተሸፍኖ አፈር ይለብስና ለሰዓታት ይቀመጣል። ሲወጣ ሥጋው በእጅ ይበጣጠሳል። ካሉዋ የሚሉት እሱን ነው። ከእንግዶች ፊት የሚወጣበት ሥነ ሥርዓት አለ፤ ለማየት ቀደም ብሎ መድረስ ያስፈልጋል። አሳማ ባትበሉም አሠራሩ መታየት ያለበት ነው።

ላውላው የሚሉት በቅጠል የተጠቀለለ ሥጋም ብዙ ጊዜ አሳማ ነው። ቅጠል ስላያችሁ ጎመን ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ።

የሚበላልን ግን ሞልቷል። ፖኬ ጥሬ ዓሣ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቱና። ሎሚ ሳልመን (ስሙ ነው እንጂ የኛ ሎሚ ማለት አይደለም) በጨው የተያዘ ሳልመን ከቲማቲምና ሽንኩርት ጋር ነው። የዶሮ ወጡን ቦታ የሚይዝ ነገር ከፈለጋችሁ ዶሮ ከቀጭን የመስታወት ኑድል ጋር ይቀርባል። የተጠበሰ የበሬ ሥጋ አብዛኛው ቡፌ ላይ አይጠፋም። ሐምራዊ ስኳር ድንች አለ፤ ልጆች ቀለሙን ብቻ አይተው ይበሉታል። ለማጣጣሚያ ሃውፒያ አለ፣ ከኮኮነት ወተት የሚሠራ ነጭ ጄሊ መሳይ ነገር።

ከዚያ ፖይ ይመጣል። ፖይ የሚሠራው ከጎደሬ ነው። አዎ፣ ወላይታና ከፋ የምናውቀው ያው ጎደሬ። ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ይቀጥናል። ግራጫና ሐምራዊ መሃል ያለ ቀለም አለው፣ ያሟልጫል፣ ሲያድር ደግሞ ይኮመጥጣል። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ቱሪስት ቀምሶ ፊቱን ሲያጨማድድ ታዩ ይሆናል። እባካችሁ እናንተ አታድርጉት። በሃዋይያውያን ትውፊት ጎደሬ የሰው ታላቅ ወንድም ነው። ሞቶ የተወለደው የመጀመሪያ ልጅ ሲቀበር ከመቃብሩ ጎደሬ በቀለ፣ ቀጥሎ የተወለደው ልጅ ደግሞ የሕዝቡ አባት ሆነ ይላሉ። ስለዚህ የፖይ ሳህን ባለበት ገበታ ላይ ጭቅጭቅ እንኳ ነውር ነው። ለብቻው ካልጣማችሁ ከጨዋማው ዓሣ ጋር አጥቅሱት፤ እነሱም የሚበሉት እንደዚያ ነው።

ጾመኛ ከሆናችሁ ነገሩ ይጠብባል። ፖይ፣ ስኳር ድንች፣ ሩዝ፣ ፍራፍሬ፣ ብዙ ጊዜም ሃውፒያ ይሆናችኋል። ዳቦውና የመኮሮኒ ሰላጣው ግን ወተት፣ ቅቤ ወይም ማዮኔዝ አለበት። አስቸጋሪው ደግሞ የአሜሪካ የዕረፍት ጊዜ በትክክል ጾማችን ላይ መውደቁ ነው። የታኅሣሡ የፈረንጅ ገና ዕረፍት ጾመ ነቢያት ነው፣ የጸደዩ ዕረፍት ሁዳዴ ላይ ይወድቃል፣ የበጋው መጀመሪያ ጾመ ሐዋርያት፣ ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ። ሙሉ ቡፌ እንብላ ካላችሁ ከሐምሌ 5 እስከ ሐምሌ 30 ባለው ጊዜ ሂዱ፣ እሱንም ረቡዕና ዓርብን ትታችሁ። ሆቴል ያኔም ይወደዳል፤ ምን ይደረግ።

"እውነተኛው" የቱ ነው?

ይሄ ጥያቄ ብዙ ያጨቃጭቃል። ትንሽ ታሪክ ይግባ።

ድሮ በሃዋይ ወንድና ሴት አብረው አይበሉም ነበር። ሴት አሳማ፣ ኮኮነትና አብዛኛውን የሙዝ ዓይነት መብላት ክልክል ነበረባት። ሕጉን የጣሰ በሞት ሊቀጣ ይችል ነበር። ደሴቶቹን አንድ ያደረገው ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ እ.ኤ.አ. በ1819 ሞተ። በዚያው ዓመት ልጁ ሊሆሊሆ በአደባባይ ከሴቶች ጋር ተቀምጦ በላ። ከኋላ ሆነው የገፋፉት ሁለት ብርቱ ሴቶች ነበሩ፤ እናቱ ኬኦፑኦላኒና የአባቱ ሚስት ካአሁማኑ። በዚያ አንድ ማዕድ የጥንቱ የክልከላ ሥርዓት ፈረሰ። ዛሬ ወንድና ሴት ተቀላቅለው የሚቀመጡበት ድግስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ በፈቃዳችን የምንተወውን አሳማ እነዚያ ሴቶች ለመብላት ሥርዓት አፈረሱ።

ዛሬ ቱሪስት የሚያየው ግን ከዚያ በጣም የተለየ ነው። አብዛኛው የሉአው ትርዒት የሃዋይ ብቻ አይደለም። ወገብ በፍጥነት የሚንቀጠቀጥበት የታሂቲ ነው። ምላስ እያወጡ ደረት የሚመታበት የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ነው። ሁሉም ሰው ስልኩን የሚያወጣበት የእሳት ቢላ ደግሞ የሳሞአ ነው። የሃዋይ የራሷ ሁላ ነው። እሱም ሁለት መልክ አለው። ካሂኮ የሚባለው ጥንታዊው በዜማና እንደ ቅል ከበሮ ባሉ ባህላዊ መሣሪያዎች የሚሄድ፣ ከበድ ያለ ነው። አዋና የሚባለው አዲሱ በጊታርና በኡኩሌሌ ለስለስ ብሎ ይሄዳል።

የእሳት ቢላው ያለበት ሁሉ የውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው እሳቱን ይፈልገዋል፣ ልክም ነው። የሃዋይን ባህል ለማየት የሚከፍል ሰው ግን የከፈለው ለምን እንደሆነ ይወቅ።

ደሴት በደሴት

መጀመሪያ ነገር፣ ለሉአው ብላችሁ ከደሴት ደሴት አትብረሩ። ያረፋችሁበት ደሴት ላይ ያለውን ምረጡ።

ኦዋሁ ላይ (ሆኖሉሉና ዋይኪኪ ያሉበት) ብዙ የኛ ሰው የሚሄደው ላይኤ ወዳለው የፖሊኔዥያ የባህል ማዕከል ነው። ከዋይኪኪ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ፣ ትራፊክ ካለ ደግሞ ከዚያ በላይ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተ የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን ድርጅት ነው። ብዙዎቹ ሠራተኞች አጠገቡ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ከቶንጋ፣ ከሳሞአ፣ ከፊጂ መጥተው እየሠሩ ይማራሉ። ቀን የየአገሩን መንደር ትዞራላችሁ፣ ማታ ሉአው ትበላላችሁ፣ ከዚያ ትልቁን የመድረክ ትርዒት ታያላችሁ። አልኮል የለም። እሑድ ዝግ ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ፣ ለማይጠጣ ሰው፣ አያትና ልጅ አንድ ላይ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ጉድለቱስ? ሰው ይበዛል፣ ቀኑ ይረዝማል፣ የትኬቱ ዓይነት ደግሞ ግራ ያጋባል፤ መንደሩ፣ ሉአውና ትርዒቱ በተለያየ ጥቅል ይሸጣሉ፣ ስትገዙ የቱ እንደተካተተ አንብቡ። መዝናኛ ፓርክ ይመስላል የሚሉ አሉ፤ አይዋሹም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ለሚፈጅ ነገር የከፈልኩት ዋጋ አይቆረቁረኝም።

ዋይኪኪ ውስጥ ራሱ ሆቴሎች የሚያዘጋጁት አለ። እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተው ሮዙ ሮያል ሃዋይያን ሆቴልና ሂልተን ሃዋይያን ቪሌጅ ይታወቃሉ። ጥቅማቸው አንድ ነው፤ በእግር ሄዳችሁ በእግር ትመለሳላችሁ። መኪና ላልተከራየ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ውጪ የሆቴል ሉአው የሆቴል ሉአው ነው።

ማዊ ላይ ኦልድ ላሃይና ሉአው አለ። የሃዋይን ታሪክና ሁላ ለማየት ለሚሄድ ሰው የኔ አንደኛ ምርጫ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ያለ ነው። የእሳት ቢላ አታዩበትም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትኩረቱን የሃዋይ ታሪክና ሁላ ላይ አድርጎ የቆየ ነው። ሰው "እሳቱስ የታል?" ብሎ ቅር ሲለው ሰምቻለሁ፣ ለኔ ግን የሚያስመርጠው እሱ ነው። ነሐሴ 2023 ላሃይና ስትቃጠል ከመቶ በላይ ሰው ሞቷል፤ የከተማዋ እምብርት ወድሟል። ይሄ ቦታ ተርፎ በ2024 ተከፈተ። እዚያ ስትሄዱ የተቃጠለውን ሰፈር ፎቶ አታንሱ። ሐዘን ቤት ነው። ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ በረራ ስትቆርጡ አብራችሁ ያዙ።

ትልቁ ደሴት ላይ ከሆናችሁ ኮና ከተማ፣ ካማካሆኑ የምትባለው ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ላይ፣ በንጉሥ ካሜሃሜሃ ስም የተጠራ ሆቴል አለ። አይላንድ ብሪዝ የሚባለው ሉአው እዚያ ይካሄዳል። ምግቡና ትርዒቱ ከሌላው ብዙ አይለይም፣ ቦታው ግን ይለያል። ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ የመጨረሻ ዓመታቱን የኖረውና የሞተው እዚያ ነው፤ ቅድም ያልኳችሁ ወንድና ሴት አብረው የበሉበት ማዕድም እዚያው ነበር። የንጉሡ የጸሎት ቤት በአዲስ ተሠርቶ ውሃው ዳር ቆሟል። ታሪክ ለሚወድ ሰው ሌላ አላሳየውም።

ካዋይ ላይ ፉክክሩ የሁለት ነው። ዋይሉዋ ያለው የስሚዝ ቤተሰብ ሉአው 30 ኤከር የሚሆን የአትክልት ቦታ አለው። ቀድሞ የደረሰ ሰው ፒኮክ እያየ ይንሸራሸራል፣ ኢሙው ሲከፈት ያያል፣ ይበላል፣ ከዚያ ወደ ተለየ የትርዒት ቦታ ይሄዳል። ትርዒቱን ብቻ በቅናሽ ለማየት ትኬት ሲሸጡም ቆይተዋል፤ አሳማ ለማይበላ ወይም ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ መላ የለም፣ ደውላችሁ ጠይቁ። ሌላው ሉአው ካላማኩ ነው፤ ድሮ የሸንኮራ አገዳ እርሻ በነበረው ኪሎሃና ግቢ ውስጥ። መድረኩ መሃል ላይ ስለሆነ የትም ብትቀመጡ ይታያችኋል። ከታሂቲ ተነስተው በታንኳ ወደ ሃዋይ የመጡ ሰዎችን ታሪክ እንደ ቴአትር ያሳያል። ባሕር አይታይም። ለቴአትር ወዳድ ካላማኩ፣ ለቤተሰብ ስሚዝ።

ምግቡን ብቻ ከፈለጋችሁ

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለብዙ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ የሚዘጋጅ ቡፌ የትም አገር ያው ነው። የሃዋይ ሰው ምግቡ ሲያምረው ቱሪስት የሚሄድበት ሉአው አይሄድም። ሆኖሉሉ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የሚሠራ ሄለናስ የሚባል ትንሽ ምግብ ቤት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የጄምስ ቤርድ ሽልማት የሚባለውን ትልቁን የአሜሪካ የምግብ ሽልማት አግኝቷል። እዚያ ፒፒካውላ እዘዙ። ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ከፊል የደረቀ የበሬ ጎድን ጥብስ ነው፤ ቋንጣ የለመደ ሰው ሁለተኛ ሳህን ይደግማል። አሳማ የለበትም። ከሉአው ትኬት በጣም ባነሰ ብር ጠግባችሁ ትወጣላችሁ።

ሌላው ዋያሆሌ ፖይ ፋክተሪ ነው፤ ከዋይኪኪ በካኔኦሄ በኩል ወደ ላይኤ በሚወስደው መንገድ ዳር። በእጅ የተወቀጠ ፖይ እዚያ ቅመሱ፣ የሉአው ቡፌ ላይ ካለው አይገናኝም። ትኩስ ኩሎሎ፣ ማለትም ከጎደሬና ከኮኮነት የሚሠራ ጣፋጭ፣ ከላዩ የሃውፒያ አይስክሬም አድርገው ይሸጣሉ። ወረፋ አለ፤ ታገሱ።

ሁላውን ደግሞ በነጻ ማየት ይቻላል። ዋይኪኪ ውስጥ የገበያ ማዕከሎችና ሆቴሎች በነጻ የሚያሳዩት አይጠፋም፤ የሳምንቱን ፕሮግራም ሆቴላችሁን ጠይቁ። ምሳ ሄለናስ፣ ማታ ነጻ ሁላ። ለባልና ሚስት ወይም ለጓደኛሞች ከሆነ እኔ ይሄን እመርጣለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በገንዘብ አይገዛም። የሃዋይ ሰው ልጁ አንድ ዓመት ሲሞላው ትልቅ ሉአው ይደግሳል፤ ድሮ ሕፃናት በበሽታ በብዛት ይሞቱ ስለነበር አንድ ዓመት መድረስ ትልቅ ነገር ነበር። እዚያ የሚኖር ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ኖሮ ቢጠራችሁ ሌላውን ሁሉ ሰርዙና ሂዱ። ፖስታ ይዛችሁ። የትምህርት ቤትና የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሉአዎችም አሉ፤ ርካሽ ናቸው፣ ምግቡም የእናቶች እጅ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ከአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ የምትሄዱ ከሆነ ለመጀመሪያው ማታ አትያዙ። ሃዋይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዲሲ በበጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እሳቱ ሲመጣ ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ።

"ቪአይፒ" የሚባለውን ትኬት ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ፊት መቀመጥ፣ ቀድሞ ቡፌ መነሳትና የተሻለ የአበባ ጉንጉን ነው። መድረኩ መሃል በሆነበት ቦታ ትርጉም የለውም። መድረኩ በአንድ በኩል ብቻ ሆኖ ጠረጴዛው ረጅም ከሆነ ግን፣ በተለይ አጫጭር ልጆች ካሏችሁ፣ ልዩነቱ ይታያል።

ቡፌ ነው ወይስ ጠረጴዛ ድረስ የሚመጣ? ለኛ ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው። ቡፌ ላይ የምትፈልጉትን ትመርጣላችሁ፣ ግን የአሳማው መቆንጠጫ ዶሮው ውስጥ ገብቶ ታገኙታላችሁ። የሚጨንቃችሁ ከሆነ ቡፌው እንደተከፈተ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተነሱ። ጠረጴዛ ድረስ የሚመጣ ከሆነ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ "አሳማ አንበላም" ብቻ አትበሉ፣ በአሳማ ስብ የተሠራም እንደማትፈልጉ ጨምሩ። የሃላል ሥጋ አትጠብቁ፤ ዓሣው ላይ ተደገፉ።

አበባ ሲያጠልቁላችሁ እምቢ አትበሉ፣ ፊታቸው ላይም አታውልቁት። እርጉዝ ከሆናችሁ ጫፉ ያልተገጠመውን ጠይቁ፤ ክብ የሆነውን ለእርጉዝ መስጠት በእነሱ ዘንድ ጥሩ አይደለም፣ ስትነግሯቸው ደስ ብሏቸው ይቀይሩላችኋል።

ዝናብ ቢመጣ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ፤ ጣሪያ ያለው አለ፣ ላስቲክ ካፖርት አድሎ የሚቀጥልም አለ። ማይ ታይ የሚባለው የአልኮል ኮክቴል በትኬቱ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ማን እንደሚነዳ ቀድማችሁ ተስማሙ። ላይኤ ላይ መጠጥ ባይኖርም ከዚያ ወደ ዋይኪኪ የሚመለሰው መንገድ ማታ ጨለማና ጠባብ ነው፣ የአውቶቡስ ትኬት አብሮ ስለሚሸጥ እሱን ግዙ።